በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከሚሸጥ ኦፓል ተጠንቀቁ፦ ወደ መዘዞ ለመጓዝ ለተመዘገባችሁ

ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ወደሚወጣባት መዘዞ ከደብረ ብርሃን በሚደረገው «የኦፓል፣ የጥበብና የባህል ጉዞ» ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ፣ ሲመዘግብ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ፣ ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ጥያቄ የማይወድ ነው።

ማስታወቂያው ኦፓል ወደሚቆፈርበት ገደል እንደምንወርድ፣ ድንጋዩ ሲቆረጥና ሲሞረድ እንደምናይ፣ ከዚያም ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) የሚሠሩ የመንዝ ሸማኔዎችን በቤታቸው እንደምንጎበኝ ይገልጽ ነበር። ጣርማበር ላይ ስንደርስ አስጎብኚው በስልኩ የኩበር ፔዲን ፎቶግራፎች እያዞረ አሳየን። ኩበር ፔዲ በአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 ኦፓል የተገኘባት፣ ነዋሪዎቿ ከሙቀቱ ለማምለጥ ከመሬት በታች ቤት ፈልፍለው የሚኖሩባት፣ ቤተ ክርስቲያንና የሥዕል ማሳያ ሳይቀር ከመሬት በታች ያላት ከተማ ናት። «የእኛም መዘዞ እንዲህ ትሆናለች» አለን። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ኩበር ፔዲ የሄደ ጎብኚ ለጉብኝት ወደተከፈቱት አሮጌ ጉድጓዶች ወርዶ ድንጋዩ ከየትኛው ንጣፍ እንደሚወጣ ማየት ይችላል። እኛ ጉድጓድ የሚባል ነገር አላየንም። መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ፤ ሸማኔዎቹም ገበያ ሄደዋል ተባለ፤ ሚኒባሱ በቀጥታ አንድ የመንገድ ዳር ሱቅ በር ላይ ቆመ።

ማጭበርበሩ የቆመው በድንጋዩ ጠባይ ላይ ስለሆነ ስለ እርሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመዘዞ ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከተገኘው ከደላንታው የወሎ ኦፓል ቀድሞ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በውጭ ገበያ የታወቀ ነው። አብዛኛው ቡናማ ሲሆን በውስጡ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ይንቀሳቀስበታል። ኦፓል ግን በተፈጥሮው ውሃ የያዘ ማዕድን ነውና፣ የመዘዞው በተለይ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ሐቀኛ ነጋዴ ድንጋዩን ለወራት አድርቆ የተሰነጠቀውን ይጥላል፣ የተረፈውን ይሸጣል። የተሰነጠቀውንም መሸጥ የፈለገ ሰው ውሃ ውስጥ ያኖረዋል፤ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ከዓይን ይሰውረዋልና።

በዚያ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር። ሻጩ አንዱን ድንጋይ በጣቶቹ አውጥቶ ወደ መስኮቱ እያዘነበለ «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ለምን ውሃ ውስጥ እንደምትቀመጥ ጠየቅሁት፤ አቧራ እንዳይነካት ነው አለ። ደርቃ ታውቃለች ወይ ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ሻጩ ሳይሆን አስጎብኚው ነበር፦ «ጋሼ፣ እኔ ምስክር ነኝ፤ ዓመት ሙሉ ደርቃ የቆየች ናት።» 9,000 ብር በሞባይል ባንክ አስተላለፍሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ አልቋል ተባልሁ። ድንጋዩንም በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረልኝ።

ምሳ የበላነው ከመንገዱ ማዶ ነበር። ምግቡ እስኪቀርብ ጥጡን ፈትቼ ድንጋዩን ጠራርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። እንጀራው ሳይመጣ ስንጥቁ መጣ፤ ከዳር እስከ ዳር የተጠላለፈ መረብ ነበር። ወዲያው ተሻግሬ ወደ ሱቁ ተመለስሁ።

ሻጩ አልደነገጠም፣ አልካደም። ድንጋዩን ከእጄ ተቀብሎ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ጣል አደረገውና እያየኝ ጠበቀ፤ ስንጥቁም ከዓይኔ ሥር ጠፋ። «ይኸው፣ የታለ ስንጥቁ?» አለኝ። በዚህ መካከል ከሌላ መኪና የወረዱ ሁለት ወጣቶች ገቡ። ሰውየው ብርጭቆውን ከፊቴ አንሥቶ ወደ መስኮቱ አዘነበለና «ይቺ ዛሬ የመጣች ናት፤ ለእናንተ በ11,000» አላቸው። የእኔን ድንጋይ፣ እኔው ቆሜ! ድንጋዩ የእኔ እንደሆነና የተሰነጠቀ እንደሆነ ለልጆቹ ስነግራቸው ወደ እኔ ዞረ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ የማታውቅ ከሆነ ማን ግዛ አለህ? ከፈለግህ በ700 ብር ልውሰድልህ።» ገንዘብ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ያ ምስክሩ አስጎብኚ በሩን ተደግፎ ቆሎውን እየቆረጠመ «እኔ አስጎብኚ ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። እጄን ብርጭቆው ውስጥ ከትቼ ድንጋዬን አውጥቼ ወጣሁ። ልጆቹም ሳይገዙ ተከትለውኝ ወጡ፤ የዚያን ዕለት ያተረፍሁት ይህን ብቻ ነው።

ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይደነግጋል፤ ደረሰኙ ለምን «እንዳለቀ» የገባኝ ይህን ሳስብ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል በገደል ዳር በዶማ የሚቆፍሩት የአካባቢው ወጣቶች፣ ድንጋያቸው በእንዲህ ዓይነት ሱቅ ምክንያት ስሙ ሲጠፋ የሚከላከልላቸው የለም።

መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ድንጋዩ ከውሃ ወጥቶ ፊታችሁ ይድረቅ፤ ይህም የነበረውን ስንጥቅ ያሳያችኋል እንጂ ነገ እንደማይሰነጠቅ ዋስትና አይሆንም። ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። አዘጋጁ እስካሁን ስልኬን አያነሣም፤ ዛሬ ጠዋት ግን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጉዞ በዚያው በኩበር ፔዲ ፎቶግራፍ አስጊጦ ለጥፎታል።