ልጃችንን በሁለት ባንዲራ ላገኘልን ወጣት ምስጋና፤ ኦሽን ሲቲ ለምትሄዱ ቤተሰቦችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ ግዛት፣ በኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሆኖ ለሚሠራ አንድ ወጣት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም። የሚሠራበት ክፍል የኦሽን ሲቲ ቢች ፓትሮል ይባላል፤ ከ1930 ጀምሮ ያንን ዳርቻ ሲጠብቅ የኖረ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በተለይም እንደ እኛ በደጋ አድጋችሁ ልጆቻችሁን ወደ ባሕር የምትወስዱ ወገኖቼ እነዚህን ሰዎች እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

ጉዟችን የቁጠባ ነበር። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ባሕር ሳታይ እንዳትመለስ ብለን ነው የተነሣነው። ማደሪያ የያዝነው ሳልስበሪ ውስጥ ነው። በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል እንጂ ዋጋው በበጋ ባሕሩ ፊት ለፊት ካሉት ሆቴሎች ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የቤይ ብሪጅ ድልድይ ክፍያ የሚጠየቀው ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ስትመለሱ አትከፍሉም። መኪናውን ዌስት ኦሽን ሲቲ በሚገኘው ነጻ ማቆሚያ ትተን በከተማው አውቶቡስ ገባን። ዳርቻው ራሱ ነጻ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ በብዙ ከተሞች አሸዋው ላይ ለመቀመጥ መለያ መግዛት ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ጥላችሁን ተክላችሁ መቀመጥ ነው። ምሳችን ከቤት የመጣ ፍርፍርና ዳቦ፣ ለልጆቹም ቆሎ ነበር። ከከተማው የገዛነው ምግብ ቢኖር ከ1929 ጀምሮ እዚያው ድንች ሲጠብስ ከኖረው ከትራሸርስ አንድ ትልቅ ባልዲ ድንች ብቻ ነው። በኮምጣጤ ነው የሚበላው፤ ካቻፕ የላቸውም።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አሸዋው ላይ መራመድ አትችልም። ከተማው ለአሸዋ የተሠሩ፣ ወፋፍራም ጎማ ያላቸው ተሽከርካሪ ወንበሮችን በነጻ እንደሚያውስ ቀደም ብለን ሰምተን ስለነበር ጠይቀን አገኘን። ክፍያ የሚባል ነገር የለውም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ገፋናት። ሦስት ጊዜ አማተበች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ወደ ፊት ስታይ ቆይታ፣ «እኔ ጣናን የማውቅ ሰው ነኝ፤ የዚህስ ማዶው የታለ?» አለችኝ።

ወጣቱን ያገኘነው ገና ጥላችንን ስንተክል ነው። ነፍስ አድኖች ውሃውን ከሚጠብቁበት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ከመውጣቱ በፊት በዙሪያው የተቀመጡትን ቤተሰቦች እየዞረ ሰላም ይል ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ እናቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ልጆቹን አጠገቡ አስቀምጦም በጣቱ አሸዋው ላይ እየሳለ አስረዳቸው። የነገራቸውን ሁሉ እዚህ ለመጻፍ የምፈልገው ማንኛውም ደገኛ ወላጅ ሊያውቀው ስለሚገባ ነው።

ማዕበሉ በነጭ አረፋ እየተሰበረ ሲመጣ፣ መካከል ላይ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ረጋ ያለ የሚመስል ክፍተት ይታያል። ዋና የማይችል ሰው ጸጥ ያለ ስለሚመስለው የሚመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያው ክፍተት ነው። በአሜሪካ ዳርቻዎች ነፍስ አድኖች ከሚያወጧቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ውሃ የተያዙ ናቸው። ውሃው ሰውን ወደ ታች አያሰጥምም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚወስደው። ሰው የሚሞተው ፊት ለፊት ታግሎ ሲደክም ነው። የተያዘ ሰው ተረጋግቶ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ ከወጣ በኋላ ወደ መሬት መመለስ አለበት፤ መዋኘት ካቃተው ተንሳፍፎ እጁን እያወዛወዘ መጣራት ነው። ሌላም ነገር ጨመረላቸው፦ ማዕበል ዳር ላይ ሲሰበር ጀርባ ሰጥቶ አለመቆም፣ ምክንያቱም እዚያ ዳርቻ ላይ አንገትና አከርካሪ የሚጎዳው በዚህ ነው። ጉድጓድ ሲቆፍሩም ከመካከላቸው ከትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ እንዳይጠልቅ።

በመጨረሻ ጥላችን የተተከለበትን የመንገድ ቁጥር አስጠናቸው። ኦሽን ሲቲ እስከ ደላዌር ድንበር ድረስ እስከ 146ኛው መንገድ የተዘረጋች ቀጭን ከተማ ናት፤ አሸዋው ላይ ሆኖ ሲታይ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። «ብትጠፉ እናታችሁን አትፈልጉ፤ በመጀመሪያ ወደምታዩት ከፍ ያለ ወንበር ሂዱ» አላቸው።

ወንበሩ ላይ ከወጣ በኋላ አንድም ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። ስንጠይቀው ይመልሳል፤ ዓይኑ ግን ከውሃው አይነሣም። እናቴ፣ «ይህ ልጅ ጠዋት እንዲያ ያጫወተን፣ አሁን ምን አስቀየምነው?» ብላ ተጨንቃ ነበር። ባለቤቴ ሥራው መሆኑን ሲነግራት ዝም ብላ መረቀችው።

ከምሳ በኋላ የስምንት ዓመት ልጄ ከወንድሟ ጋር ውሃው ጉልበቷ ሳይደርስ ስትጫወት ቆይታ ጠፋች። ወንድሟ ዘወር ሲል የለችም። እንዲህ ያለውን ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆሮዬ ደነቆረ። እናቴ ቅዱስ ሚካኤልን እየጠራች ትጮሃለች፤ ባለቤቴ ወደ ሰሜን ሮጠ። እኔ ወደ ወንበሩ ሄድኩ። ወጣቱ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ዕድሜዋን፣ የዋና ልብሷን ቀለምና መጨረሻ የታየችበትን ቦታ። «ውሃው ዛሬ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው፤ አንቺ ከጥላሽ አትራቂ» አለኝ፤ ከዚያ ሁለት ባንዲራ አንሥቶ ቆመ።

እዚያ ያሉት ነፍስ አድኖች ከወንበር ወንበር የሚነጋገሩት በባንዲራ ነው። የእጆቻቸው አቀማመጥ እያንዳንዱ አንድ ፊደል ነው፤ ያለ ስልክና ያለ ሬዲዮ ቃል በቃል ይጻጻፋሉ። ደቡብ ላይ ያለው ተቀበለው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ተቀበለው፤ ባንዲራዎቹ በፀሐዩ ውስጥ እየራቁ ሲሄዱ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ መልሱ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ልጄ ከእኛ ብዙ መንገዶች ርቃ በሌላ ወንበር ሥር ተቀምጣ ነበር። በዳርቻው ጎን የሚሄደው ውሃ በጨዋታ መካከል ቀስ እያለ አርቋት፣ ስትወጣ ጥላችንን ስታጣ፣ ጠዋት እንደተነገራት በመጀመሪያ ወዳየችው ወንበር ሄደች። አላለቀሰችም። የመንገዳችንን ቁጥርም ነግራቸዋለች።

ጠዋት አጠገቡ አስቀምጦ ባያስተምራቸው ኖሮ ባንዲራው ብቻውን ይበቃ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ምስጋናዬ በይበልጥ ለጠዋቱ ነው። ማንም ሳያዘው የማያውቃቸውን ልጆች በአሸዋ ላይ ተንበርክኮ አስተማረ።

እናቴ ወደ ወንበሩ ገፍታችሁ ውሰዱኝ አለች። «እደግ፣ ተመንደግ፤ የእናትህ አምላክ ዓይንህን ይጠብቅልህ» ስትለው፣ እኔ ስተረጉምለት፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

እነዚህ ወጣቶች ለመቀጠር ብቻ 400 ሜትር በባሕር ውስጥ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መዋኘት፣ 300 ሜትርም በአሸዋ ላይ በ65 ሰከንድ መሮጥ አለባቸው። ወንበሩ ላይ የሚገኙት በሜይ መጨረሻ ከሚውለው የሜሞሪያል ዴይ በዓል አንስቶ እስከ ሴፕቴምበር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ልጆቻችሁን ውሃ ውስጥ አታስገቡ፤ እሱን ጊዜ ለቦርድዎኩ፣ ማለትም በዳርቻው ለተዘረጋው የእንጨት መንሸራሸሪያ፣ አድርጉት። በ1912 የተሠራው የትሪምፐርስ ባለ ፈረስ መሽከርከሪያ አሁንም ይሠራል፤ የእኛ ልጆች ምሽታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው።

ጥላችሁን ከወንበሩ ፊት ለፊት አትትከሉ፤ የሚሮጡበት መንገድ ነውና ወደ ጎን አድርጉት። ስትደርሱ ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ ዛሬ ውሃው እንዴት ነው ብላችሁም ጠይቁ። ጉርሻ ከመስጠት ይልቅ የረዳችሁን ሰው ቀኑንና የመንገዱን ቁጥር ጠቅሳችሁ ለክፍሉ ኃላፊዎች ጻፉለት። የእኛን ደብዳቤ ልጄ በራሷ እጅ ጽፋ፣ ሁለቱን ባንዲራዎች ሥላበት ልካዋለች።