የቬቲቨር ሣር «ዘር» የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ

ክረምት ሲቃረብ፣ ጎርፍ አፈር እንዳይጠርግ ቁልቁለት ላይ በመስመር የሚተከለው የቬቲቨር ሣር ገበያው ይደራል። «መቶ በመቶ የሚበቅል የቬቲቨር ዘር» እያሉ ቴሌግራም ላይ በፓኬት የሚሸጡ አሉ። እንዳትገዙ! እኛ አገር የሚተከለው ቬቲቨር በዘር አይራባም። ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ፍሬው ግን አይበቅልም። በ1960ዎቹ ጅማ ከገባ ጀምሮ የተስፋፋው ከሥሩ እየተገነጠለ ነው።

የሰፈራችን አንዲት እናት ለግቢያቸው ቁልቁለት ብለው ፓኬቱን ገዙ። ሐምሌን ሙሉ ጠበቁ። የበቀለው ሙጃ ነበር። ብሬን መልስልኝ ሲሉት ሰውዬው ብሎክ አደረጋቸው። ለነገሩ ምንም ባይበቅል ይሻል ነበር። ቬቲቨር የሚወደደው ከተተከለበት መስመር ወጥቶ ማሳ ስለማይወር ነው፤ ከማይታወቅ ፓኬት የሚመጣ አረም ግን ይሄ ጨዋነት የለውም።

ሌላም አለ። ጠጅ ሣርን ቬቲቨር ነው ብለው የሚሸጡም አይጠፉም። ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጉት፤ ሎሚ ሎሚ ካለ ጠጅ ሣር ነው፣ ለሻይ ይሁናችሁ። የቬቲቨር ቅጠል እንዲህ አይሸትም፤ የሚሸተው ሥሩ ነው። ሥሩን በጥፍራችሁ ፋቅ ስታደርጉት እንጨት እንጨት፣ አፈር አፈር ይላል። ግርጌውንም ጫን በሉት፤ ጠንከር ካለና እርጥበት ካለው ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ተከምሮ የዋለ ግንጣይ ግን በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ።

አተካከሉ ቀላል ነው። ዝናቡ ሲይዝ፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቆርጣችሁ፣ ሁለት ሦስቱን ግንጣይ አንድ ላይ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትተክላላችሁ። መስመሩ ቁልቁለቱን አግድም ይቁረጠው። የሞተውን ቶሎ ተኩ፤ ክፍተት ከተተወ ጎርፉ በዚያው ሰብሮ ይገባል። ሥሩ ጥሩ አፈር ካገኘ 3 ሜትር ይወርዳል፤ ድርቁን የሚችለውም በዚሁ ነው። ጥላ ግን አይወድም፣ ባሕር ዛፍ ሥር አትድከሙ።

ለ10 ሜትር መስመር ከ70 እስከ 100 ገደማ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስትገዙ «በእስር» ሳይሆን በቁጥር ተዋዋሉ። መጀመሪያ ግን የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የችግኝ ጣቢያ ጠይቁ፤ ሣሩ ያለው ጎረቤት ካለም ከአንድ ያረጀ እግር ብዙ ግንጣይ ይወጣል። ከነጋዴ ከሆነ ሣሩ ከመሬት ሲነቀል ቆማችሁ እዩ፤ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር አይኑር።