የመስታወት ውሃ ሴንሰር፦ አጽድቶ መመለስ፣ ያገለገለ፣ ኮፒ ወይስ ኦርጅናል?

የመስታወት ውሃ መያዣው እስከ አንገቱ ሞልቶ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ ሴንሰሩ ውሃው ማለቁን የሚያሳውቅበት ቢጫ መብራት አልጠፋ ሲል፣ ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል። እዚያም «ሴንሰሩ ለብቻው አይሸጥም፣ መያዣውን ከነፓምፑ ውሰድ» መባል የተለመደ ነው። ለአንዳንድ መኪና ይህ እውነት ነው። ለብዙው ግን ሴንሰሩ በጎማ ጓርኒሲዮን ተወሽቆ የሚገባ ጣት የሚያክል ዕቃ ስለሆነ ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻውም ይገዛል። ገዢው ፊት ያሉት ምርጫዎች ያለውን አጽድቶ መመለስ፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ መግዛት፣ አዲስ ኮፒ፣ አዲስ ኦርጅናል እና ጨርሶ መተው ናቸው። ከመካከላቸው የቱ እንደሚያዋጣ ከዋጋው በፊት የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የተበላሸው በእርግጥ ሴንሰሩ መሆኑና የሴንሰሩ ዓይነት።

ከኪስ ገንዘብ ሳይወጣ በፊት

መጀመሪያ መኪናው ሴንሰሩ እንዳለው ያረጋግጡ። ጎንደር ውስጥ ከሚሽከረከሩት የቆዩ ቪትዞችና ኮሮላዎች ብዙዎቹ የላቸውም። መያዣው ላይ ሁለት ሶኬት ካለ፣ የውሃ ቱቦ የወጣበት ፓምፑ ነው፤ ቱቦ የሌለው ሴንሰሩ ነው። አንድ ሶኬት ብቻ ካለና እሱም ቱቦ ካለው፣ የሚጠገን ሴንሰር የለም።

ቀጥሎ የከተማችን አቀበት አለ። መኪናው ሽቅብ ወይም ወደ ጎን ተንጋዶ ሲቆም ውሃው ወደ አንድ ጥግ ይሸሽና ሴንሰሩ ያለበት ጥግ ይራቆታል። ስለዚህ ግማሽ የሞላ መያዣ ዳገት ላይ መብራት ቢያበራ ብልሽት አይባልም። ሜዳ ላይ አቁመው፣ መያዣውን ሞልተው ነው የሚፈትኑት።

ሙከራው ይህ ነው። ቁልፉን አጥፍተው የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉ፤ ቁልፉን ወደ ኦን መልሰው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው በተንገጫገጨ ቁጥር መብራቱ እንዳይብለጨለጭ ብዙ መኪኖች ሆን ተብለው እንዲዘገዩ ተደርገዋልና አይቸኩሉ። ከዚያ እንደገና አጥፍተው ከመኪናው ገመድ በኩል ያለውን ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ቀጭን ሽቦ ያገናኙና ይድገሙት። በአንደኛው መብራቱ በርቶ በሌላው ከጠፋ ገመዱም ዳሽቦርዱም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። በሁለቱም ምንም ካልተለወጠ ገመድ ተቆርጧል፣ ሶኬት ዝጓል ወይም ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ከታች ከምንዘረዝራቸው ዕቃዎች የትኛውንም ቢገዙ ለውጥ አያመጣም፤ ሥራው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ይህ ሙከራ ባለ ሁለት ገመድ ሶኬት ላይ ብቻ ይሠራል። ሽቦዋን ተሳስቶ የፓምፑ ሶኬት ውስጥ የከተተ ሰው ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለቱ ዓይነቶች

በጃፓንና በኮሪያ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ተንሳፋፊ ነው። ማግኔት የያዘች ፕላስቲክ በአንድ ዘንግ ላይ ከውሃው ጋር ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ዘንጉ ውስጥ ሪድ ስዊች የሚባል በመስታወት የታሸገ ሁለት ስስ የብረት ምላስ አለ፤ ማግኔቱ ሲቀርብ ምላሶቹ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይለያያሉ። ሌላው ዓይነት፣ ለምሳሌ በቮልስዋገን ቡድን መኪኖች ላይ የሚታየው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሁለት የብረት ፒኖች ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል ካለፈ ውሃ አለ ማለት ነው። በዚህኛው አንድ ወጥመድ አለ። ለመኪናው አስበው የባትሪ ውሃ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ የተጣራ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ፣ መያዣው ሞልቶም ሴንሰሩ «ባዶ ነው» ይላል። የቧንቧ ውሃ ሲቀላቀልበት መብራቱ ከጠፋ የሚገዛ ነገር የለም።

አጽድቶ መመለስ

የኛ ምክር ባለ ተንሳፋፊው ላይ ሁልጊዜ ከዚህ መጀመር ነው። ወጪው አንድ ጠርሙስ አቼቶና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከከተማው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር መኪናው ውስጥ የሚገባው ከሮቶ ወይም ከበርሜል ግርጌ የተቀዳ ውሃ ነው። የበርሜሉ የብረት ብናኝ ማግኔቷ ላይ ይለጠፋል፣ ደለሉ ዘንጉን ይይዛል፤ ለማሳመር የተጨመረ የልብስ ወይም የዕቃ ሳሙና ደግሞ ከጊዜ በኋላ አተላ ይሆናል። ተንሳፋፊዋ ከታች ተጣብቃ ትቀራለች። ሴንሰሩ አልሞተም፣ ታስሯል።

ለማውጣት 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና 5 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይበቃል። በብዙ መኪኖች መያዣው ከፊት ባምፐሩ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። መሪውን ወደ አንድ ወገን ጥግ ድረስ አዙረው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርገው የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ክሊፖች ቢፈቱ ሴንሰሩ ይታያል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥሩ መግባት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ለማንኛውም ሥራ ቢሆን አደገኛ ነው። ሴንሰሩ ከታች የሚገባ ከሆነ ሲወጣ ውሃው ሁሉ ስለሚፈስ ባልዲውን አስቀድመው ያዘጋጁ። ሴንሰሩን በእጅ እያሽከረከሩ ይሳቡት። ካቻቢቴ ወሽቆ መፈልቀቅ የመያዣውን አንገት ይሰነጥቃል፤ ያኔ «መያዣውን ከነፓምፑ ውሰድ» ያለው ሻጭ ትክክል ይሆናል።

አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያሹት፣ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት። ቤንዚንና ቲነር አይንኩት፤ ፕላስቲኩንም ጎማውንም ያበላሻሉ። ባለ ፒኑን ደግሞ ፒኖቹ እስኪያበሩ በዚያው ብሩሽ ያሹ፤ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ሽፋኑን ስለሚያነሳ ለጥቂት ወር ብቻ ይጠቅምና ዝገት ያመጣል።

ከዚያ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ላይ አድርገው፣ ሁለቱን የሴንሰር እግሮች ነክተው፣ ተንሳፋፊዋን ከታች ወደ ላይ በዝግታ ይግፏት። ደህና ሴንሰር በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ይለወጣል። ጨርሶ ካልተለወጠ ወይም በመነካት ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ሪድ ስዊቹ ሞቷል፤ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነም አይጠገንም። ከባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ አምጥቶ መሞከር አይገባም፤ ምላሶቹ ይበየዱና ደህና የነበረውም ይበላሻል።

ያገለገለ ኦርጅናል

ሴንሰሩ መሞቱ ከታወቀ ለጃፓን መኪና ባለቤት የምንመርጠው ይህን ነው። የከተማው ሱቆች ከሌላቸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ግን ተመልሶ ለመለወጥ አይመችም። ስለዚህ የአሮጌውን ሴንሰር ፎቶ በሦስት በኩል ይላኩ፤ ሶኬቱን ፊት ለፊት፣ ተንሳፋፊዋን ከጎን፣ የሚገባበትን አንገት ከማስመሪያ ጋር። ከላኪው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሴንሰሩን ከነሶኬቱና ከ15 ሳንቲ ሜትር ገመድ ጋር ቆርጦ እንዲልክ። የራስዎ ሶኬት መንጠቆ በሙቀት ደርቆ ሲነቀል የመሰበር ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለብቻው ፈልጎ ማግኘትም ሴንሰሩን ከማግኘት ይከብዳል።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። ጎማው ደርቆ ይመጣል፣ ስለዚህ የራስዎን ጓርኒሲዮን እንዳይጥሉ። ተንሳፋፊዋን በእጅ ሲያንቀሳቅሷት በራሷ ክብደት መውደቅ አለባት። ወደ ጆሮ አስጠግተው ሲያንቀጠቅጡትም ውስጧ ውሃ የሚሰማ ከሆነ ተሰንጥቃለች፤ ውሃ የገባባት ተንሳፋፊ አትንሳፈፍም።

አዲስ ኮፒ

ኮፒውን መናቅ አይገባም፤ ጎማው አዲስ ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚሁ ይገኛል። ችግሩ ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ አሠራሩ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ መኪና ውሃ ሲያልቅ እንዲነካካ፣ ሌላው ደግሞ ውሃ ሲያልቅ እንዲለያይ ይፈልጋል፤ ተቃራኒውን ከገጠሙ መያዣው ሲሞላ መብራቱ ይበራል፣ ሲጎድል ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አንገቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ቀጥኖ ውሃ ያንጠባጥባል። ሦስተኛ፣ የሶኬቱ ቅርጽ ይመስላል እንጂ ጠቅ ብሎ አይቆለፍም። ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ አሮጌውን በእጅ ይዞ በአምስት ደቂቃ ማወቅ ይቻላል፤ መልቲሜትሩን ይዘው ይሂዱ። ከላይ በሠሩት የሶኬት ሙከራ መብራቱ ሲነቀል ከጠፋ፣ የሚገዙት ሴንሰር ተንሳፋፊዋ ከላይ ስትሆን መለያየት አለበት። በሽቦ ሲገናኝ ከጠፋ ደግሞ ተንሳፋፊዋ ከላይ ስትሆን መነካካት አለበት። ሻጩ መፈተሽ ከከለከለ ሌላ ሱቅ ይሻላል።

ለውሃ ታንከር የሚሸጠው ትንሹ ተንሳፋፊ ስዊችም የዚሁ ዘመድ ነው። ርካሽ ነው፣ መቆለፊያዋን አውጥተው ተንሳፋፊዋን ቢገለብጧት አሠራሩ ይገለበጣል። ግን መያዣውን መብሳትና ገመድ መቀጠል ይጠይቃል፤ የኋላ ኋላ ማፍሰሱ አይቀርም። እጅዎ ለእንዲህ ያለ ሥራ ካልለመደ ይተዉት።

አዲስ ኦርጅናል

ለባለ ፒኑ፣ ሶኬቱ ሦስት ገመድ ላለው ወይም ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ለተሠራው ይሄው ነው መፍትሔው። ሊብሬው ላይ ባለው የሻንሲ ቁጥር ይታዘዛል። ለተራ ባለ ተንሳፋፊ ግን፣ የማስመጫው ወጪና የሚጠበቀው ጊዜ ሲታሰብ፣ ለአንዲት ቢጫ መብራት ብዙ ነው።

ጨርሶ መተውስ?

መያዣው ኮፈን ሲከፈት ውሃው በዓይን የሚታይበት መኪና ካለዎት ይህም ምርጫ ነው። ሴንሰሩን ግን ከቦታው አያውጡ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። ሶኬቱ ሲነቀል መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ሶኬቱን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ በቴፕ ጠቅልለው፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ይሰሩት። በመገናኘት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው ተበይዶ ይሸፈን፤ መኪናውን ሲሸጡም ለገዢው ይንገሩት። ይህን ምርጫ የማንመክረው ወደ መተማ ወይም ወደ ደባርቅ ለሚመላለስ ሾፌር ነው። በበጋው አቧራ መያዣው ሳይታሰብ ያልቃል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በሚያሳልፈው ውሃ ስለሆነም ባዶውን ደጋግሞ መጫን ያቃጥለዋል፤ ፓምፕ ደግሞ ከሴንሰር ይወደዳል።

ሲገጠም

የትኛውም ቢመረጥ ጓርኒሲዮኑን በሳሙና ውሃ አርጥበው ይግፉት እንጂ ግሪስ ወይም ዘይት አይቀቡት፤ ጎማው ያብጣል። ሲሊኮን መለጠፍም ለዛሬ ያግዛል፣ በሚቀጥለው ሲፈታ ግን አንገቱን ይዞ ይወጣል። ሞልተው ሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፈው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ጎማው ወይ ደርቋል ወይ ተጣሞ ገብቷል። የመጀመሪያውን ውሃ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ይሙሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ደባርቅ ለሚያድር መኪና ከሦስት እጅ ውሃ ጋር አንድ እጅ 70 በመቶ የፋርማሲ አልኮል ይቀላቅሉ፤ ሌሊት ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ቢወርድ ቱቦው ውስጥ አይረጋም፣ ተንሳፋፊዋም በረዶ ይዟት አታድርም።