ለእንፋሎት ባቡር ፎቶ፦ 75-300 ወይስ ያገለገለ 70-200?

በእንግሊዝ ዋና መስመሮች ላይ የእንፋሎት ባቡር ማንሳት የሚጀምር ሰው ሁሉ ስለ ካነን ዙም ሌንሶች «75-300 ይበቃኛል ወይስ 70-200 ልግዛ?» ይላል። ቁጥሮቹ የሌንሱ የሚሊሜትር ልክ ናቸው፤ ትልቁ ቁጥር ሩቁን የበለጠ ያቀርባል። ጥያቄው ስለበዛ ቁርጡን እንናገር፤ ያገለገለ ካነን 70-200 ኤፍ 4 ግዙ (ኤፍ ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ላለው አይነት ተጨማሪ ብር አታውጡ፤ የባቡሩን ሩጫ በፎቶው ላይ የሚያቆመው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ማጠር ነው።

75-300 ያገለገለው ከ60 እስከ 90 ፓውንድ አካባቢ ይገኛል፤ 70-200ው ከ250 እስከ 300 ይጠየቅበታል። ወደ 200 ፓውንድ የሚጠጋ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የሚከፈለው ግን ለብርሃንና ለፎከስ ነው። በሰዓት 75 ማይል የሚሮጥ ባቡር በ1/1000 ሰከንድ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ሹተሩን ከዚያ ማውረድ አያዋጣም። ሲደምን 70-200ው በኤፍ 4 አይሶ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 800 ላይ የሚያነሳውን፣ 75-300ው ጫፉ ላይ በኤፍ 5.6 አይሶ 1600 ይፈልጋል። ፎከሱ ደግሞ ይብሳል። ነጭ እንፋሎት የሚያዝ ጠርዝ የለውም፤ የ75-300 ዘገምተኛ ሞተር ወዲያ ወዲህ ሲል ባቡሩ ያልፋል። 75-300ው በእጃችሁ ካለ፣ ሎኮሞቲቩ የሚደርስበት የሃዲድ አግዳሚ ላይ ቀድማችሁ ፎከስ አድርጉና ማብሪያውን ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ፎከስ) መልሱት።

300 ሚሊሜትሩ አያጓጓችሁ። በሰሜን እንግሊዝ ያለው የሪብልሄድ የባቡር ድልድይ 24 ቅስቶች አሉት፣ 400 ሜትር ይረዝማል፤ ቀረብ ብሎ ሙሉውን ለማስገባት 70ውም ይጠባል። ጭስ የሚወድ ዳገት ይምረጥ። በዚያው መስመር ከሴትል ወደ ብሊ ሙር 1 ለ100 (በ100 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ) የሆነውን ዳገት ሲወጣ ሎኮሞቲቩ በሙሉ ጉልበቱ ይተነፍሳል፤ በዚያው ሲወርድ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል።

ያገለገለ ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ውስጠኛው መስታወት ላይ ከሆነ የጥገናው ዋጋ ሌንሱን ስለሚስተካከል ተዉት። ቀጥሎ ካሜራ ላይ ገጥማችሁ በኤፍ 4 አንድ፣ በኤፍ 8 አንድ አንሱ። የመጀመሪያው ሰርቶ ሁለተኛው ላይ የስህተት መልእክት ከመጣ የብርሃን በሩ (የኤፍ ቀዳዳው) ሞተር ወይም ገመዱ እየሞተ ነው። ሻጩ «ባትሪው ደክሞ ነው» ቢል በሌላ ባትሪ ሞክሩት።

ኮፒ፣ ማለትም ካነን ያልሠራው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ደግሞ ለዩ። ሌንሱ ፊት የሚገጠመው የብርሃን መከላከያ ኮፒ ካልተወዛወዘ ችግር የለውም። የትሪፖድ ማሰሪያ ቀለበቱን አትግዙ፤ የኮፒው ውስጠኛ ጨርቅ ይላቀቅና ሌንሱ ይዞራል፣ ለ705 ግራም ሌንስም ቀለበት የግድ አይደለም። ባትሪ ላይ ግን አትሳሱ። ትልቅ የአቅም ቁጥር የተጻፈበት ርካሽ ኮፒ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል፤ ካበጠ ደግሞ ከካሜራው አልወጣ ይላል። ሁለት ኮፒ ከመግዛት አንድ ኦሪጅናል ገዝቶ በክረምት በውስጥ ኪስ መያዝ ይሻላል።

250ው ፓውንድ ካልሞላ፣ በ75-300ው ዋጋ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዙና ጣቢያ ላይ ወይም ከአጥሩ ውጭ ቀረብ ብላችሁ ቁሙ።