ቲ-33 ወይስ ኤል-39?

ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው። «ጋሼ፣ ለተማሪ የትኛው ይሻላል?» አልኳቸው። ቲ-33 እና ኤል-39 አብራሪ ማሠልጠኛ ጄቶች ናቸው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ አየር ኃይል አገልግለዋል።

ቲ-33 የአሜሪካው የሎክሂድ ሥራ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። የኤፍ-80 ተዋጊን አካል 1 ሜትር ገደማ አስረዝመው ሁለተኛ ወንበር ጨመሩበት። ከ6,500 በላይ ተሠርቷል፤ ቦሊቪያ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ስታበርረው ነበር።

ኤል-39 የቼኮዝሎቫኪያ ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በረረ። እኔ የማደላው ለእሱ ነው። ጋሼ አንዱን ሲኒ ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላውን ከኋላው የስኳር ዕቃው ክዳን ላይ አስቀመጡ። «የፊቱ ተማሪ፣ የኋላው አስተማሪ» አሉኝ። የኋላው ወንበር ከፍ ስለሚል አስተማሪው በተማሪው ራስ ላይ አሻግሮ ማኮብኮቢያውን ያያል። በቲ-33 ግን ወንበሮቹ እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ደግሞ የኤል-39 የአየር ማስገቢያ ከክንፉ በላይ ስለሆነ ጠጠር በቀላሉ አይገባበትም። ሣር ሜዳ ላይም ያርፋል። የኮምቦልቻን የበጋ አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋሼ ግን ልባቸው ቲ-33 ላይ ነው። ሙያውን የተማሩት በእሱ ነዋ!