ማስ ስፔክ ላይ አዮን ሞቢሊቲ መጨመር ያዋጣል ወይ ለምትሉ

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ስሰራበት የቆየሁት መሳሪያ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ዓይነቱ ግን ድሪፍት ቲዩብ (አዮኖቹ የሚጓዙበት ቱቦ) ከኪው-ቶፍ (የማስ ስፔክ ዓይነት) ጋር የተጋጠመበት ነው፣ ከፊቱ ኤልሲ (ናሙናውን በኮለመን አሳልፎ የሚለያይ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ) አለ። የምንሰራው በአብዛኛው የመድኃኒት ቅሪትና ሊፒድ (ቅባት ነክ ሞለኪውል) ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ማስ ስፔክ (ማስ ስፔክትሮሜትር) አዮኑን፣ ማለትም ቻርጅ ያለውን ሞለኪውል፣ የሚለየው በክብደቱ ነው (በትክክል ሲባል ክብደቱ ለቻርጁ ተካፍሎ)፣ ቅርፁ አያገባውም። ሁለት ሞለኪውሎች ፎርሙላቸው አንድ ከሆነ ለሱ አንድ ናቸው በቃ። ሞቢሊቲው ግን አዮኖቹን ናይትሮጅን በሞላበት ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ፊልድ ይነዳቸዋል፣ ጥቅልል ያለው በጋዙ መሀል ሹልክ ብሎ ቶሎ ይደርሳል፣ የተዘረጋው እየተላተመ ይዘገያል። ከደረሰበት ሰዓት ተነስቶ ሲሲኤስ የሚባል ቁጥር ይሰላል፣ አዮኑ ከጋዙ ጋር ሲጋጭ ያለው ስፋት ማለት ነው፣ በስኩዌር አንግስትሮም።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። አየር ማረፊያ ላይ ቦርሳችሁን በጨርቅ ጠረግ አድርገው ፈንጂ የሚፈትሹበት ማሽን ብዙ ጊዜ ይሄው አዮን ሞቢሊቲ (ባጭሩ አይኤምኤስ) ነው፣ ማስ ስፔክ የሌለው። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ፕላዝማ ክሮማቶግራፊ ይሉት ነበር። ከማስ ስፔክ ጋር ተጣምሮ በየላቦራቶሪው መግባት የጀመረው ግን ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲናፕትን ካወጣ በኋላ ነው።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ የጊዜው አሰካክ ነው። የኤልሲ ፒክ (አንድ ነገር ከኮለመኑ ሲወጣ የሚታየው ጉብታ) ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ በዛች ሰከንድ ውስጥ ሞቢሊቲው በ60 ሚሊሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል፣ በዛ ዙር ውስጥ ደግሞ ቶፉ (ክብደቱን የሚለካው የማስ ስፔኩ ክፍል) በየ100 ማይክሮሰከንዱ ገደማ አንድ ስፔክትረም ያነሳል። አንዱ የሌላው ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ሩኑ በአንዲት ደቂቃ እንኳን አይረዝምም፣ መለያየቱን በነፃ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ሂትማፑን (ክብደትና የመድረሻ ሰዓት አብረው የሚታዩበትን የቀለም ካርታ) ስትከፍቱት ደግሞ ባለ አንድ ቻርጁና ባለ ሁለት ቻርጁ በየራሳቸው መስመር ተሰልፈው ታያላችሁ፣ ክብደታቸው ቢመሳሰልም ሊፒዶቹ ከላይ ፔፕታይዶቹ ከስር ስኳሮቹ ከዛ ወረድ ብለው። የቆሸሸ ናሙና ላይ ይሄ ብቻውን ግማሽ ስራ ነው፣ ጫጫታው አንድ በኩል ይቀርና የምትፈልጉት ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሁን መሳሪያውን የወደድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን (አንቲባዮቲክ) ስታንዳርድ ነው፣ ንፁህ፣ ክብደቱ 332.14 ላይ፣ ኤልሲው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ፒክ። ሞቢሊቲው ላይ ግን ሁለት ጉብታ። የመጀመሪያ ሀሳቤ ስታንዳርዱ ተበላሽቷል ነበር፣ አዲስ አዘጋጀሁ፣ ያው ሁለት። ኮለመኑን አውጥቼ በቀጥታ አስገባሁ፣ አሁንም ሁለት። ለካ ሞለኪውሉ አንድ ነው፣ የሚለያየው ፕሮቶኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው፣ አንዱ ፒፐራዚኑ ናይትሮጅን ላይ ሌላው ኦክስጅኑ በኩል፣ ፕሮቶመር የሚባለው ነገር። ሁለቱን ለየብቻ ስሰባብራቸው ፍራግመንታቸው አይመሳሰልም! ትሪፕል ኳድ (መጠን ለመለካት የሚመረጠው የማስ ስፔክ ዓይነት) ላይ የሰራ ሰው ይሄን ሲሰማ ቶሎ ይገባዋል፣ የሁለቱ ፍራግመንት ሬሾ አንድ ቀን ልክ ሆኖ ሌላ ቀን የሚንሸራተተው፣ የሶርስ (አዮኑ የሚፈጠርበት ክፍል) ቮልቴጅ ወይም ሶልቨንቱ ሲቀየር የሚዘባረቀው፣ የፕሮቶመሮቹ ድርሻ ስለሚቀያየር ነው። ስንት ጊዜ ነው እጄን የረገምኩት። ማስ ስፔክ ብቻውን ይሄን መቼም አያሳያችሁም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ሲሲኤሱ ራሱ ነው። ሪቴንሽን ታይም (ከኤልሲው የሚወጣበት ሰዓት) ኮለመን ሲያረጅ ይሸሻል፣ ማትሪክስ (ናሙናው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ) ሲበዛ ይሸሻል፣ ሲሲኤስ ግን ጋዙና መሳሪያው ደህና እስከሆነ ድረስ ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አራት ላቦራቶሪ የተሳተፈበት የድሪፍት ቲዩብ ጥናት በሦስቱ መሀል ያለው ልዩነት በአማካይ 0.29 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ሰው ግን ለጥንቃቄ ሲባል 2 በመቶ ክፍተት ይዞ ነው ከዳታቤዝ ጋር የሚያስተያየው፣ እኔም እንደዛው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በሂሊየም የተለካ ሲሲኤስ ከናይትሮጅኑ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም፣ ሂሊየሙ አነስ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ዳታቤዝ ስታወርዱ ጋዙን ሳታዩ አትጠቀሙ።

ንቅንቅ አይልም ያልኩት ግን ጋዙ ደህና ከሆነ ነው። አንድ ሰሞን ሁሉም ቁጥር ወደ ላይ ሄደብኝ፣ ቲዩን ሚክሱ (ሲሲኤሱ የታወቀ የማስተካከያ ድብልቅ) ላይ ክብደቱ 622 የሆነው አዮን 203.0 መስጠት ሲገባው በድሮው ካሊብሬሽን 204.6 አለኝ። ሶፍትዌሩ ምንም ዋርኒንግ የለም፣ ካሊብሬሽኑን አድስ ብለው ዝም ብሎ ያስተካክለዋል፣ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይነግራችሁም። ቴክኒሻን ጠራን፣ ቦርድ ይቀየር አለ። በመጨረሻ የተገኘው የናይትሮጅን መስመሩ ላይ የላላች አንዲት ፊቲንግ ናት፣ እርጥበት እየገባ። ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካሊብሬት ሳላደርግ በፊት የትናንቱን ካሊብሬሽን ይዤ ቲዩን ሚክሱን እሮጣለሁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። መሳሪያው ይሄን በራሱ መስራት ነበረበት ባይ ነኝ።

የማያደርገውንም ልናገር። ብሮሸሩ ላይ ኢሶመር (ፎርሙላቸው አንድ ሆኖ አወቃቀራቸው የሚለያይ ሞለኪውሎች) ይለያል ይላል፣ የትኛውን ኢሶመር? የድሪፍት ቲዩቡ ሪዞሉሽን (ተቀራራቢ ጉብታዎችን የመለየት አቅሙ) ከ50 እስከ 60 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሲሲኤሳቸው በአንድ በመቶ ብቻ የሚለያዩትን አይለይም። ሉሲንና አይሶሉሲን (ፎርሙላቸው አንድ የሆኑ ሁለት አሚኖ አሲዶች) እኛ ጋ አንድ ጉብታ ናቸው፣ ለነሱ ኤልሲው የግድ ነው። ድርብ ቦንዱ ብቻ ቦታ የቀየረበት ሊፒድም እንደዛው። ሪዞሉሽን የሚያድገው በመንገዱ ርዝመት ስኩዌር ሩት ስለሆነ እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ መንገድ ያስፈልጋል፣ ለዛ ነው ሳይክሊክ የሚባለው የሞቢሊቲ ዓይነት አዮኖቹን በ98 ሴንቲሜትር ቀለበት ላይ ደጋግሞ የሚያዞራቸው፣ ስሊም የሚባለው ደግሞ 13 ሜትር መንገድ እያጠፈ አንድ ሳጥን ውስጥ የከተተው። ቲምስ የሚባለው ሌላው ዓይነት በተገላቢጦሽ ነው የሚሰራው፣ ጋዙ አዮኖቹን ይገፋል ፊልዱ ይይዛቸዋል፣ ፕሮቲዮሚክስ (የፕሮቲኖች ጥናት) የሚሰሩ ሰዎች ለፍጥነቱ ይወዱታል። ትራቭሊንግ ዌቩ (አዮኖቹን በቮልቴጅ ሞገድ የሚገፋው ዓይነት) እና ቲምሱ ግን ሲሲኤስ ለማውጣት በታወቁ ስታንዳርዶች መካሊበር አለባቸው፣ ድሪፍት ቲዩብ ፊልዱን እየቀያየረ በቀጥታ ከመጀመሪያ መርህ ሊያሰላው ይችላል፣ የኔ ምርጫ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሌላ ቅሬታ፣ ትራፑ (የአዮን ማጠራቀሚያው) ይሞላል። አዮኖቹ ተጠራቅመው ነው የሚለቀቁት፣ ኮንሰንትሬሽኑ ከፍ ሲል ካሊብሬሽን ከርቩ ቶሎ ይጎብጣል፣ መጠን ለመለካት የምትገዙ ሰዎች ይሄን አስቡበት። ፋይሉም ግዙፍ ነው፣ አንድ ባች ሰርታችሁ ዲስኩ ሲሞላ አትደንግጡ።

እንግዲህ ስራችሁ የታወቁ አስር ሃያ ነገሮችን መጠን መለካት ከሆነ ትሪፕል ኳዳችሁን ያዙ። ያልታወቀ ነገር የምትፈልጉ፣ ማትሪክሱ የሚያስቸግራችሁ፣ ሊፒድ ወይም የመድኃኒት ስባሪ የምትከታተሉ ከሆነ ግን ሳትፈሩ ግቡበት። ዴሞ ሲያሳዩዋችሁ የነሱን የተዘጋጀ ስታንዳርድ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ በጣም ያስቸገራችሁን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛው ፊታችሁ ሁለት ቀን አከታትለው ይሩጡት፣ ሲሲኤሱንም ራሳችሁ አስተያዩት።