ዊንዶውስ 11 እና ሊነክስ ሚንት በአንድ ኮፒ ቤት ውስጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ እህቴ በምታስተዳድረው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያሉት ሦስቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር። በቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ይተየባል፤ ደንበኛው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ኢንተርኔቱ በፓኬጅ ይገዛል፣ መብራትም እንዳሻው ይሄዳል። አንዱን ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድገን፣ በሌላው ላይ ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭነን ለወራት ከሠራን በኋላ የታዘብኩትን እዚህ አቀርባለሁ። የፍጥነት መለኪያ ሠንጠረዥ የሚሻ አንባቢ ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የትኛው ማሽን ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው ዕድሜው ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይጀምር የሚከላከል ዘዴ) የሚችል ማዘርቦርድና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። ዴስክቶፑ ባለ 8ኛ ጀነሬሽን በመሆኑ አለፈ፤ አገልግሎ የተገዛው ላፕቶፕ ግን ባለ 6ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ፣ ለዕለት ሥራ ምንም ሳይጎድለው ከደጅ ተመለሰ። መስፈርቱን በጓሮ በር አልፎ የሚጭን ባለሙያ ሞልቷል፤ ነገር ግን እንዲህ የተጫነ ሥርዓት ማሻሻያ የማግኘት ዋስትና እንደሌለው ማይክሮሶፍት ራሱ አስታውቋል። ከዊንዶውስ 10 የምንወጣው ማሻሻያ ፍለጋ እስከሆነ ድረስ ይህ መንገድ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም።

የዴስክቶፑ ሽግግር በራሱ ቀላል ነበር። ፈቃድ ላለው ዊንዶውስ 10 ማሳደጊያው ነፃ ነው፤ ፋይሎችና ፕሮግራሞች በነበሩበት ይቆያሉ፤ ፎርማት ማድረግም አያስፈልግም። ጭንቁ የመጣው በማግሥቱ፣ ለአምስት ዓመት በዚያው ወንበር የተቀመጠችው ጸሐፊያችን እጇን ወደለመደችው ቦታ ስትልክ ነው። የስታርት ቁልፍ ከግራ ጥግ ወደ መሐል ሄዷል፤ ይህንን ከሴቲንግ ገብተን ወደ ግራ ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብንም። የቀኝ ክሊኩ ሜኑ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገራም። ቀድሞ በቃል ተጽፈው ይዘረዘሩ የነበሩት ከት፣ ኮፒና ሪኔም ትናንሽ ሥዕሎች ሆነው በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፣ ሌላው ብዙ ነገር ደግሞ ተጨማሪ አማራጭ በምትል አንዲት መስመር ሥር ተሸሽጓል። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ ኮፒ የሚለው ጠፋ እኮ» እያለች እህቴን ሦስት ጊዜ ጠራቻት። 24ኤች2 በተባለው እትም ለሥዕሎቹ ስማቸው ስለተጨመረላቸው አሁን ቅሬታዋ ቀንሷል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ለምን እንደተነሣ እስካሁን አልገባኝም።

በአማርኛ በኩል ዊንዶውስ 11 የቆየ ወዳጅ ነው። የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራማችን ፓወር ግዕዝ ከሽግግሩ በኋላ እንደነበረ ሠራ። ልብ ሊባል የሚገባው የኒያላ ጉዳይ ነው፤ ይህ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ለብቻው የሚወርድ አማራጭ ጥቅል ሆኗል። በመሆኑም እንደ አዲስ በተጫነና አማርኛ ባልተጨመረበት ኮምፒውተር ላይ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ፎንት ይተካል፣ መስመሮቹ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ፣ በአንድ ገጽ አልቆ የነበረው ደብዳቤ ፊርማውን ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ያወርዳል። መፍትሔው ከቋንቋ ሴቲንጉ ላይ አማርኛን መጨመር ነው፤ ፎንቱ በኢንተርኔት ይከተላል።

ኢንተርኔትን ካነሣን፣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ፓኬጅ የሚበላ ነገር ነው። ግንኙነቱን ከሴቲንግ ሚተርድ (በመጠን የሚከፈልበት) ብሎ መሰየም አብዛኛውን ውርድ ስለሚያስቆመው፣ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ሥርዓቱን እንዳሳደገ ወዲያውኑ ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ። እኛ ሳናደርገው ቀርተን የሳምንቱ ፓኬጅ በሁለት ቀን አለቀ፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። የጫንነው ኡቡንቱ 24.04 በተባለ ሌላ የሊነክስ ዓይነት ላይ የተመሠረተውንና እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ የሚሰጠውን ሊነክስ ሚንት 22 ነው። መጫኛው 3 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል፤ እኛም ሁለት ቀን እንዲሁ ሞክረን ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ካረጋገጥን በኋላ ነው ዊንዶውስ 10ን የሰረዝነው። የሚገርመው፣ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ዓይን ከዊንዶውስ 11 ይልቅ ሚንት ይቀርባል፦ ሜኑው ከታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው፣ ቀኝ ክሊኩም በቃል ተጽፎ ይወርዳል። ጸሐፊዋ ሚንቱን በሁለት ቀን ለመደችው፤ ማሻሻያውም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚጀምር ስላልሆነ መብራት ባለበትና ፓኬጅ በሞላበት ቀን መርጠን እንጭነዋለን።

የከበደው ትየባው ነው። ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ነውና እዚህ የለም። በሊነክስ የቆየው የአማርኛ አጻጻፍ ሴራ የሚባለው ሲሆን፣ የላቲኑን ድምፅ ተከትሎ ፊደሉን ይሰጣል፤ ተራውን ጽሑፍ ያለ ችግር ይጽፋል። ነገር ግን ንጉሡን ሠ ለማግኘት ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለውን ቁልፍ አስቀድሞ መንካት ያስፈልጋል፣ ለኀ እና ለፀም እንዲሁ። ሳታይ የምትተይብ ሴት ጣቷ በየቃሉ ሲደናቀፍ ማየት ያሳዝናል፤ በአንድ ቀን ውስጥ «ሥራ» ሁሉ «ስራ» ሆኖ ወጣ፣ አንድ የሕግ ተማሪም ጽሑፉን እንዲታረም መለሰው። ከዚያ በኋላ ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጭነን አንድ ዓይነት የአማርኛ ኪቦርድ አደረግንላት። በእሱ የሰ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲነካ ሠ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስትዛወር ጣቷ አይለወጥም። በሁለት ሥርዓት ለሚሠራ ማንኛውም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው ይህንን ነው፤ ብናውቀው ኖሮ ገና በዊንዶውስ 10 እያለን እናለማምዳት ነበር።

በሚንት ላይ ዶክሜንቶቹ የሚከፈቱት አብሮት በሚመጣው ሊብረኦፊስ ነው። ተራ ደብዳቤ ሳይዛነፍ ይከፈታል፤ በሠንጠረዥና በሳጥን የተዋበ ሲቪ ግን ይፈርሳል፤ ስለዚህ ሲቪ ወደ ዴስክቶፑ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ የቆየ ፋይል ደግሞ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቁ ወጥቶ ይታያል። ፎንቱን ከድሮው ኮምፒውተር ገልብጦ መጫን ለማንበብና ለማተም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለማረም ግን ያው ወደ ዊንዶውስ መመለስ ነው። ማተሚያችን በሚንት ወዲያው ታወቀ፤ የዚያው ማሽን ስካነር ግን እምቢ አለ፣ እኛም ብዙ አልታገልነውም።

ሚንት ቦታውን ያገኘው ባላሰብነው በኩል፣ በደንበኛ ፍላሽ ነው። በከተማችን ኮፒ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቫይረስ አለ፦ ፎልደሮቹን ይደብቅና በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሾርትከቱን የነካ ኮምፒውተር ደግሞ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ይህ ቫይረስ በሊነክስ ላይ አይነሣም፤ በፍላሹ ላይ የተደረገውን የዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክትም ሚንት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንዲት ተመራቂ ተማሪ ፍላሹ ባዶ ሆነብኝ ብላ እያለቀሰች ስትገባ ላፕቶፑ ላይ ሰካነው፤ አምስቱም ምዕራፎች በየፎልደራቸው ተቀምጠው ታዩ፣ ከጎናቸውም ሾርትከቶቹ ተሰልፈው ነበር። ሾርትከቶቹን አጥፍተን ፋይሎቹን በአዲስ ፎልደር ገልብጠን ሰጠናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጅ የመጣ ፍላሽ በሙሉ መጀመሪያ በላፕቶፑ ያልፋል። ለኮፒ ቤት ባለቤት ይህ አንድ ጥቅም ብቻውን አሮጌ ላፕቶፕን ወደ ሚንት ለመቀየር ይበቃል ባይ ነኝ፤ ዋናውን የጽሕፈት ማሽን ግን በዊንዶውስ 11 ላይ እተወዋለሁ።

ሦስተኛው ኮምፒውተር አሁንም በዊንዶውስ 10 ላይ ነው። የሱቁ ሒሳብ የሚመዘገብበት ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ አይሠራም፣ ማሽኑ ደግሞ የ11ን መስፈርት አያሟላም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ፣ ሴቲንጉን ከአካውንት ጋር በማመሳሰል በነፃ ወይም 30 ዶላር በመክፈል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሚቆይ በነፃው ተመዝግበናል። እህቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አዲስ ነገር ልመዱ እንዳትለን አስጠንቅቃኛለች፤ ሒሳቡን ግን በየቅዳሜው በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።